አደራ አልቀበልም ያሉት ዶና ግራሳ

«ማሂ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ፤ እናትሽን ከዚያ ትጠሪያታለሽ» አለኝ አባዬ በስልክ።

ቁጭ አልኩ። አባዬ ከሰሜን፣ ከፎርት ማክመሪ የነዳጅ ሠራተኞች ካምፕ ሲደውል ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ብርዱ፣ ወይ ሺፍቱ። የዚያን ቀን ግን ድምፁ ሎተሪ የደረሰው ሰው ድምፅ ነበር። ለካስ በእርግጥም ደርሶት ኖሯል! ሠራተኞችን በአውቶቡስ የሚያመላልስበት ኩባንያ ግብዣ አድርጎ ዕጣ ሲያወጣ የአባዬ ስም ወጣ። ሽልማቱ ለሁለት ሰው የአምስት ቀን ጉዞ ነው፤ አውሮፕላኑ፣ ሆቴሉ፣ አስጎብኚ ይዞ የሚያዞረን የአንድ ቀን ጉብኝት፣ ሁሉም ያለቀለት። ዘንድሮ ካልጋሪ እንዲህ ናት። የነዳጁ ገበያ ስለፈላ ሥራው ሰውን ያሳድዳል፤ ማርልቦሮ ሞል ውስጥ «ሠራተኛ እንፈልጋለን» የማይል በር የለም፤ ኩባንያዎቹም ሹፌር እንዳይሸሻቸው ደሴት ይሸልማሉ።

«የት ነው ጉዞው?»

«ማዴራ የሚባል ቦታ። ደሴት ነው፣ ተራራ ብቻ ነው አሉ። ፖርቱጋልኛ ነው የሚናገሩት። እኔ ሻትዳውን ላይ ነኝ፣ ፋብሪካው ለጥገና ቆሞ ሥራው በዝቷል፣ ፈቃድ አይሰጡኝም። አንቺና እናትሽ ሂዱ።»

ጮህኩ። ጩኸቴ እማዬን ከቤዝመንት አስሮጦ አወጣት፤ የልብስ ሳሙናውን እንደያዘች ነበር። ነገርኳት። እሷም ደስታዬ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋችበት፦

«ማን አለን እዚያ?»

እማዬ አገር የምትቆጥረው በሰው ነው። ዋሽንግተን ማለት አክስቴ ናት፤ ሚኒሶታ ማለት የአባዬ ወንድም ነው። ሰው የሌለን አገር ለእማዬ ካርታ ላይ የፈሰሰ ቀለም ነው።

«ሰው ሳይኖረን ሄደን ምን ልንሆን? ሆቴል ተቀምጠን ግድግዳ ልናይ?»

«አስጎብኚ አለ እኮ እማዬ! ይዞን ይዞራል።»

«የማላውቀው ሰው ይዞኝ ይዞራል? እኔ ዕቃ ነኝ?»

ትኬቱን ለሌላ ሰው ስጦታ የማድረግ ሐሳብ በዓይኗ ውስጥ ሲበቅል አየሁት። የእማዬ ሐሳብ ከበቀለ ደግሞ ነቃይ የለውም። በዚያች ደቂቃ ዶና ፊሎሜና ትዝ አሉኝ። ፓይንሪጅ በሚባለው ሰፈራችን ከጎናችን ባለው ታውንሃውስ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ማታ ማታ ዳውንታውን የነዳጅ ኩባንያዎችን ቢሮ ያጸዳሉ፤ ቀን ቀን ደግሞ መሐረብ በምታክል ጓሯቸው ከእኔ የሚረዝም ጎመን ያበቅላሉ። በስልክ ሲያወሩ ፖርቱጋልኛ ነው፤ «ዶና»ም እንደ እኛ «ወይዘሮ» ማለት ነው። በበሩ ዞሬ ለመሄድ ትዕግሥት አልነበረኝም፤ አጥሩን ዘለልኩ።

«ዶና ፊሎሜና፣ ማዴራን ያውቁታል?»

ጎመናቸውን እያጠጡ ነበር። ቱቦው ከእጃቸው አምልጦ ካልሲዬን አራሰው። «የተወለድኩበት ነው» አሉ።

«ዘመድ አለዎት?»

«እህት አለችኝ» አሉ። ከዚያ አረሙት፤ «ነበረችኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶና ፊሎሜና ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብለው ወጡ። እናታቸው ሲታመሙ አልተመለሱም፤ ሲሞቱም አልተመለሱም። ታናሽ እህታቸው ግራሳ ብቻቸውን አስታመሙ፣ ብቻቸውን ቀበሩ። ከዚያ ወዲህ ከካልጋሪ ሁለት ጊዜ ጥቅል ተልኮላቸው፣ ሁለቱም ሳይከፈት ተመልሷል። ዶና ፊሎሜና ይህን እየነገሩኝ ቤት ገቡና በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ በሲባጎ የታሰረ ነገር ይዘው ወጡ። ለዓመታት ተጠቅልሎ ሰው ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል።

«ውስጡ ፀጉር ያለው የቤት ጫማ ነው። ግራሳ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እግሯ አይሞቅላትም። ሦስተኛዬ ነው፤ ይህም ከተመለሰ ሌላ አልልክም። ይበቃኛል።»

አላለቀሱም። ቱቦውን አነሱና ጎመኑን ማጠጣት ቀጠሉ። ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ «እማዬ፣ ሰው አለን!» አልኳት፤ እህትየውንም፣ ጥቅሉንም ነገርኳት። ጠቡን ግን፣ እንዴት ልበላችሁ፣ አጥሩን ስዘል ከኪሴ ወደቀ።

እማዬ ጥቅሉን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። «አደራ ካለማ መሄድ ግድ ነው! ታዲያ ባዶ እጃችንን ነው እንዴ ሰው ቤት የምንገባው?» አለችና ዳቦ ቆሎ ልትጠብስ ወጥ ቤት ገባች።

ረቡዕ

የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ጋሼ ተስፋዬ በታክሲያቸው ኤርፖርት አደረሱን። ሻንጣውን አውርደው ሲያበቁ፣ መኪናውን እዚያው መንገድ ላይ ፓርክ እንዳደረጉ፣ እጃቸውን አንስተው መጸለይ ጀመሩ። ጋሼ ተስፋዬ ሲጸልዩ አጭር የሚባል ነገር አያውቁም። ጥበቃው መጥቶ «ሰር፣ መኪናውን ያንሱ» አላቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ይህንንም ልጅ ባርከው» ብለው ጨመሩት። ጥበቃው ምን እንደተባለለት ባያውቅም ኮፍያውን አወለቀ።

ከካልጋሪ ቶሮንቶ፣ ከቶሮንቶ ሊዝቦን በረርን። በሁለተኛው አውሮፕላን ላይ አስተናጋጇ እራት ይዛ መጥታ እማዬን «ዶሮ ወይስ ፓስታ?» አለቻት። እማዬ ፈገግ ብላ «ኖ፣ ታንክ ዩ» አለች። አስተናጋጇም ጋሪዋን ገፍታ ሄደች።

«ሄደች እኮ!» አለችኝ እማዬ፣ በሹክሹክታ።

«አልፈልግም አልሻት እኮ!»

«ታዲያ መጀመሪያ ሲጠይቁኝ እሺ ልበል? ሆዳም መሰልኳት?»

ወይ መግደርደር! ካልጋሪ የመጣን ሰሞን እኔም አስተማሪዬ ኬክ ስትሰጠኝ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ እምቢ አልኩ፤ ሁለተኛ እስክትለምነኝ ስጠብቅ ኬኩ አለቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለፈረንጅ አንዴ ነው፤ እሺ ካልኩ እሺ፣ እምቢ ካልኩ እምቢ። እማዬ ግን አልተማረችም፤ ልትማርም አትፈልግም። በእሷ ሕግ ያደገ ሰው ሦስት ጊዜ እምቢ ይላል፤ ያደገ አስተናጋጅም አራተኛ ጊዜ ይለምናል። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የእኔን ፓስታ ለሁለት ተካፈልን።

ሐሙስ

የማዴራ አውሮፕላን ማረፊያ አንዱን ወገኑን ባሕር ላይ የቆሙ ምሰሶዎች ተሸክመውት ነው ያለው። ነፋሱ አውሮፕላኑን እንደ ወንፊት ነፋው። አብራሪው አንዴ ሊያርፍ ሞከረ፤ ሐሳቡን ለውጦ ወደ ላይ ተመለሰ። እማዬ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ «በኢየሱስ ስም!» ብላ ጣራውን አናጋችው። በሁለተኛው ሙከራ ጎማው መሬት ሲነካ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እማዬ «አሜን!» አለች፤ ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት መነኩሲት ዞረው እጇን ጨበጧት።

ከተማዋ ፉንሻል ትባላለች። እኔ ሜዳ ላይ ነው ያደግኩት፤ ኖርዝኢስት ካልጋሪ ውስጥ ኳስ ቢያመልጥህ ባለበት ይጠብቅሃል። እዚህ ኳስ ያመለጠው ልጅ ባሕር ድረስ ይሮጣል። ቤቶቹ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ቆመዋል፤ የአንዱ ጣራ የሌላው ደጅ ነው። እኛ ተራራ ለማየት አንድ ሰዓት ነድተን ሮኪስ እንሄድና ፎቶ አንስተን እንመለሳለን። እነዚህ ሰዎች ገደሉን ደረጃ በደረጃ ቆርጠው ሙዝና ጎመን ተክለውበታል።

እራት ላይ ዓሣ ቀረበልን፤ ከላዩ የተጠበሰ ሙዝ ተጋድሞበታል። እማዬ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«እነዚህን ሁለቱን ማን አስተዋወቃቸው?»

በልተን ስናበቃ ግን የእሷ ሳህን ከእኔ ይበልጥ ጸድቶ ነበር። ምናልባት የአውሮፕላኑ ትምህርት ትንሽ ገብቷታል፤ አስተናጋጁ ሲጠይቃት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው እምቢ ያለችው። እሱም ደግሞ ሁለቴ ለመናት። ያኔ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ስለዚህች ደሴት አንድ ነገር በገባኝ ነበር።

ዓርብ

ጠዋት ሆቴሉ በር ላይ ነጭ ሚኒባስ ቆመ። ሹፌሩም አስጎብኚውም አንድ ሰው ነው፤ አርማንዶ ይባላል፤ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ የፀሐይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚያደርግ፣ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ የሚፈስ ሰው። ከእኛ ሌላ ሚስተር ሬጅና ሚስዝ ፖሊን የሚባሉ ባልና ሚስት የእንግሊዝ ሽማግሌዎች፣ ከኋላ ደግሞ የተራራ ጫማ ያጠለቁ ሁለት ጀርመናውያን ልጃገረዶች ነበሩ።

ሳልቀመጥ የመንደሩ ስም የተጻፈበትን ወረቀት ለአርማንዶ አሳየሁት። አድራሻው ቁጥር የለውም፤ «ከጸሎት ቤቱ በላይ፣ ሰማያዊ በር» ብቻ ነው የሚለው። እማዬ ይህን አድራሻ ስታይ ደስ ብሏት ነበር። በካልጋሪ ቁጥርና ኖርዝኢስት ካልጨመርክ ፒዛ እንኳ አይመጣልህም፤ ይሄ ግን እሷ የምታውቀው ዓይነት አድራሻ ነው።

«አውቀዋለሁ» አለ አርማንዶ። «በሰሜን በኩል ስንወርድ በሥሩ እናልፋለን። ግን አንቆምም። ፕሮግራም አለን፤ ምሳ ፖርቶ ሞኒዝ፣ ከዚያ በባሕር ውሃ ገንዳ ውስጥ መዋኘት። ይቅርታ።»

«ምን አለ?» አለች እማዬ።

«እናያለን አለ» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

መጀመሪያ የቆምነው ዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ ነው። አርማንዶ ወደ አንዲት ጠባብ ቤት አስገባንና በትናንሽ ብርጭቆ ቢጫ መጠጥ አስቀዳልን። «ለጉንፋን መድኃኒት ነው» አለ። «ማርና ሎሚ አለበት።» እማዬ ማርና ሎሚ ሲባል ስትሰማ፣ የሚገርመው፣ ሳትግደረደር ተቀበለች። ወደ አፏ ስታስጠጋው አፍንጫዋ ቀደማት።

«ይሄማ ካቲካላ ነው!» ብርጭቆውን እባብ እንደሆነ ሁሉ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። «ማሂ፣ ለዚህ ልጅ እኛ ጌታን የምንከተል ሰዎች ነን በይው!»

ነገርኩት። ሚስተር ሬጅ የእማዬን ብርጭቆ ከእሳቸው ጎን ሳብ አድርገው «እኔም እከተለዋለሁ፣ ግን ከርቀት» አሉና ጨለጡት።

መንገዱ ሽቅብ ጀመረ። እማዬ በየመታጠፊያው «ጣርማ በር! ቁርጥ ጣርማ በር!» ትላለች። ደመናው ከእኛ በታች ሆነ። ከላይ ውሃ የሚወርድባቸው ቀጫጭን ቦዮች ገደሉን ታከው ይሄዳሉ፤ ሰው በእጁ ፈልፍሎ ከተራራው ጀርባ ነው ውሃውን ያመጣው አለን አርማንዶ። ጥሩ አስጎብኚ ነው፤ እኔ ግን የምሰማው በግማሽ ጆሮ ነበር። ዶና ፊሎሜና «ይበቃኛል» ያሉት በሌላኛው ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ጥቅሉ የእማዬ ጭን ላይ ተቀምጧል፤ መንደሩ እየቀረበ ነው፤ ሹፌሩ አይቆምም፤ ቢቆም ደግሞ ሴትዮዋ አይቀበሉም። ይህን ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እማዬ ግን ሳታውቀው ሥራዋን እየሠራችልኝ ነበር። ዳቦ ቆሎውን ከፈተች። ለሚስዝ ፖሊን ዘረጋች፤ ለጀርመኖቹ ዘረጋች፤ ለአርማንዶ ዘረጋች።

«ኖ፣ ኖ፣ እየነዳሁ ነው» አለ።

«በእኔ ሞት!» አለችው በአማርኛ፣ ከመቀመጫዋ ተነስታ መዳፉ ላይ አፈሰሰችለት። ቀመሰ። ከሁለት መታጠፊያ በኋላ እጁ ብቻውን ወደ ኋላ ተዘረጋ። ከአምስት መታጠፊያ በኋላ «ምንድን ነው ይሄ ነገር? ማቆም አልቻልኩም» አለ። እማዬ ሞላችለት።

ጭጋጉ ሲገለጥ አንዲት ነጭ ጸሎት ቤት ከመንገዱ በላይ ታየች። አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም። ሆዴን ይዤ ተጎነበስኩ።

«አርማንዶ፣ ሊያስመልሰኝ ነው!»

መኪናው ቆመ። አርማንዶ በመስተዋቱ አየኝ፤ ከእኔ ወደ ጸሎት ቤቷ፣ ከጸሎት ቤቷ ወደ ጥቅሉ። መዳፉ ውስጥ የቀረችውን የመጨረሻ ዳቦ ቆሎ አፉ ውስጥ ጣለ።

«አሥር ደቂቃ» አለ። «ደግሞ መጥፎ ተዋናይ ነሽ።»

ወደ መንደሩ የሚወጣው ደረጃ ነው፤ ዝም ብሎ ደረጃ። እማዬ የእሑድ ጫማዋን ተጫምታ ከፊት፣ እኔ ከኋላዋ፣ አርማንዶ ለማስተርጎም ከኋላዬ። ሚስተር ሬጅና ሚስዝ ፖሊንም ተከተሉን፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅናቸውም፣ ጀርመኖቹም አልጠየቁም፣ ብቻ መጡ። ሰማያዊው በር ሲገኝ አንድ ሠርግ የሚያህል ሰው ሆነን ነበር።

ደጁ ላይ ጥቁር ሽርጥ ያሸረጡ፣ አጭር፣ ደረቅ ያሉ ሴት ባቄላ ይፈለፍላሉ። የዶና ፊሎሜና አፍንጫ ቁርጥ! አርማንዶ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ሰላምታ ሰጠና ከካልጋሪ፣ ከፊሎሜና ዘንድ እንደመጣን ነገራቸው።

መስኮት ሲዘጋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፊታቸው እንደዚያ ተዘጋ። ሁለት እጃቸውን ሽርጣቸው ሥር ደበቁ።

«ናኦ» አሉ።

ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገንም። እማዬ ግን ፊቷ በራ። «አየሽልኝ ማሂ? እንዴት ያለች ጨዋ ሴት ናት!»

በዚህ ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «እማዬ፣ ይሄ መግደርደር አይደለም፣ የምር ነው» ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ላይ መጣ። ተናግሬ ቢሆን ኖሮ እማዬ ደንግጣ ይቅርታ ጠይቃ፣ ጥቅሉን ይዘን ደረጃውን በወረድን ነበር። ስለዚህ ዋጥኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዝም ብዬ አላውቅም።

እማዬ አንድ እርምጃ ቀርባ ጥቅሉን ዘረጋች። «እትዬ፣ ይቀበሉኝ እንጂ! የእህት እጅ ነው!»

«ናኦ፣ ናኦ!» ሴትዮዋ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አርማንዶ በሹክሹክታ «በእውነት አትፈልግም፤ የቆየ ጠብ አለን ትላለች» አለኝ።

«ምን አለች?» አለች እማዬ።

«አትድከሙ ነው የሚሉት» አልኩ።

«ሁለት ጊዜ!» አለች እማዬ በአድናቆት። «ካልጋሪ ውስጥ ሁለት ጊዜ እምቢ የሚል ሰው ካየሁ ስንት ዘመኔ!»

ሦስተኛው እምቢታ ከእግር መምታት ጋር ነበር። የእማዬ ዓይን እንባ አቀረረ። እምቢታ እንዲህ ሲሟላ አይታ አታውቅም። «በሞቴ!» አለች፤ «እኔ ልሙት፣ ማሂ ትሙት!» እያለች የሴትዮዋን ትከሻ ስማ ጥቅሉን ብብታቸው ሥር ሸጎጠችው። ዶና ግራሳ አውጥተው መለሱላት። እማዬ መልሳ ሸጎጠች። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በፖርቱጋልኛ፣ ሁለቱም እየጮኹ ሲገፋፉ፣ ሲባጎው ተበጠሰ፤ ወረቀቱ ተቀደደ፤ አንዱ ጫማ ወጥቶ ደረጃውን እየነጠረ ወረደ። ሚስተር ሬጅ በሆዳቸው አስቆሙት።

ዶና ግራሳ በሚስተር ሬጅ እጅ ላይ ያለውን ጫማ አዩት። ቡናማ ነው፤ ውስጡ ነጭ ፀጉር። ረጅም ጊዜ አዩት።

ከዚያ ደፉ ላይ ተቀመጡ። ቀስ ብለው የላስቲክ ጫማቸውን አወለቁ። እግራቸው እውነትም ከቅዝቃዜ የተነሣ ሰማያዊ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሚስተር ሬጅ ጎንበስ ብለው ጫማውን አቀበሉ፤ ዶና ግራሳ አጠለቁት፤ ተነስተው አንድ እርምጃ ሄዱ። ጫማው እዚያው ቀረ፤ እግራቸው ብቻ መጣ።

ያኔ ጉድ ፈላ! ዶና ግራሳ እንደ መትረየስ መናገር ጀመሩ። አርማንዶ ሊደርስባቸው አልቻለም፤ እየሳቀ እየቆራረጠ አቀበለኝ። «ትልቅ ነው ትላለች… የገዛችው በራሷ እግር ልክ ነው… ከልጅነቷ እንዲህ ናት፣ ዓለም ሁሉ የእሷ እግር ያለው ይመስላታል… ይሄንን ሰው ይልካል?»

«ስልካቸውን ልስጥዎት፣ ደውለው ይንገሯቸው» አልኩ።

አርማንዶ ተረጎመላቸው። ዶና ግራሳ ጣታቸውን አፍንጫዬ ላይ አቆሙት። መልሳቸውን ቃል በቃል ነው የምጽፈው፦ «እኔ በስልክ አልጣላም። ፊቷን እያየሁ ነው የምጣላው።»

የተቀደደውን ቡናማ ወረቀት መሬት ላይ ዘረጉት፤ ባዶ እግራቸውን አሳረፉበት፤ ከአርማንዶ ብዕር ተቀብለው ዙሪያውን አሰመሩ። በሥሩም አንድ መስመር ጻፉ። ወረቀቱንና ሁለቱን ጫማ ሰብስበው ለእኔ አስታቀፉኝ።

«ይሄንን ለእሷ ስጪ። በዚህ ልክ ትለውጥና ራሷ ታምጣው ብላለች» አለኝ አርማንዶ። «ሥሩ ላይ የተጻፈውን ግን አልተረጉምልሽም። ለቱሪስት አይደለም።»

እማዬ ምንም አልገባትም። «ለምን መለሰችው? ገና አራተኛ አልለመንኳትም እኮ!» ስትል የቀረውን ሁሉ፣ ጠቡንም፣ የእናታቸውንም ሞት፣ እዚያው ደረጃው ላይ ነገርኳት። ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ እስካሁን ይታያል። ቀጥላ ዶና ግራሳ ፊት ቆመችና ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «የእናትዎን ነፍስ ይማር፤ ሳናውቅ ነው» አለች። አልተተረጎመም፤ ግን ገባቸው። እጇን ይዘው ወደ ቤት አስገቧት።

ውስጥ ትኩስ ድንጋይ ላይ የሚጋገር፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅቤ የሚቀባ ዳቦ ነበር። እማዬ «አይ፣ በልተን ነው የመጣነው» አለች። ዶና ግራሳ አልሰሟትም። «እንዴ፣ ጠግበናል!» አለች። ዳቦው አፏ አጠገብ ደረሰ። «ኧረ በቃኝ!» ስትል ገባላት። እኔ ጉርሻ የሚያጎርስ ፈረንጅ አይቼ አላውቅም ነበር። በዚህች ደሴት ላይ እምቢ ማለት ዋጋ የለውም፤ ሦስት ጊዜ ቢሉ፣ አምስት ጊዜ ቢሉ፣ ይበላል። እማዬ አገሯን አገኘች።

አሥሩ ደቂቃ ሁለት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀረው። የፖርቶ ሞኒዝ ምሳም፣ መዋኛውም ቀረ። አርማንዶ ቢሮ ደውሎ «ከባድ ጭጋግ ይዞናል» ሲል ፀሐይ ዓይኑን እየወጋው ነበር። ስንወርድ ሚስዝ ፖሊን «ይህ ማረፊያ ብሮሹሩ ላይ የለም፤ ለምን አይጨምሩትም?» ሲሉት ጀርመኖቹ ሁለቱም በአንድ ላይ «ያ!» አሉ። ቀኑን ሙሉ ድምፃቸውን የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ቅዳሜ

ዘነበ። እማዬ ሆቴል ውስጥ ሆና ወረቀቱን አውጥታ፣ የእግሩን ስዕል በስንዝር ለካችው። «ትንሽ ናት፤ የሕፃን እግር» አለች።

እሑድ

ተመለስን። ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድልን ፓይንሪጅ የደረስነው ገና በብርሃን ነው። ዶና ፊሎሜና ጓሯቸው ነበሩ። ከአጥሩ በላይ ጫማዎቹን ይዤ ሲያዩኝ፣ «ተመለሰ» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ሊቀበሉኝ ዘረጉ።

እኔ ቀልድ እወዳለሁ፤ ግን በዚያች ደቂቃ አንዲት ሰከንድ እንኳ ላስጨንቃቸው አልደፈርኩም። «ተከፍቶ ነው የተመለሰው!» ብዬ ጮህኩና ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

የእግሩን ስዕል በጣታቸው ተከተሉት፤ ከተረከዙ እስከ አውራ ጣቱ። ሥሩ ላይ ያለችውን መስመር አነበቡ። ምን ይላል ብዬ አልጠየቅኩም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። «ትልቅ ነው አለች?» አሉ።

«በራሷ እግር ልክ ነው የገዛችው አሉ።»

ሳቁ። ስቀው ስቀው አጥሩን ይዘው ተንበረከኩ፤ ማልቀሳቸውንም ያወቅኩት ሲነሡ ነው። በማግሥቱ ማርልቦሮ ሄደው ትንሽዋን ቁጥር ገዙ፤ ለአለቃቸውም ፈቃድ ጠየቁ። አለቃው በዚህ ጊዜ ሰው አይገኝም፣ አይሆንም ሲላቸው፣ እናቴ ያስተማረቻቸው ይመስል ሦስት ጊዜ ለመኑት። በመስከረም ይበራሉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች ደግሞ ማዴራ ማን አለን እንዳትሉ። ዶና ግራሳ ስንለያይ አርማንዶን አስቁመው ለእኔ አስተርጉመውልኛል፤ ከካልጋሪ የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ፓይንሪጅም ይሁን ሬድስቶን፣ ሆቴል ምሳ እንዳይበላ፣ እሳቸው ጋ ይምጣ ብለዋል። ለሁሉም ንገሪ ስላሉኝ ይኸው ነገርኳችሁ። መደወል አያስፈልግም። ከጸሎት ቤቱ በላይ ደረጃውን ውጡ፤ ሰማያዊው በር አይቆለፍም፣ ግን እርጥበት ስለሚያሳብጠው ይጣበቃል። በትከሻችሁ ገፋ አድርጉትና ግቡ፤ ባይኖሩም ተቀመጡ። ባቄላ ሊለቅሙ ወርደው ነው፤ ይመጣሉ።